የሙሴ ክንፉ ክፍል

ሙሴ ክንፉ መሞቱን የሰማሁት ከድሬዳዋ በባቡር ከመጣች አንዲት ስደተኛ ሴት ነው። ጣሊያን አገራችንን ከያዘ ወዲህ ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያ ወርጄ የአገር ሰው መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። ሴትዮዋ ጓዟን ላግዛት ስጠጋ፣ "እዚህ ጅቡቲ ያስተምር የነበረ ክንፉ የሚባል ሰው ያውቁ ነበር?" አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። "ወባ ገደለው። ባለፈው ወር ቀበርነው" አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያለቀሰችው ለእሱ ይሁን ለራሷ መከራ አልጠየቅኋትም።

ይህ ሰው ሳይጻፍለት መቅረት የለበትም። ለመጻፍ ደግሞ በዚህ ከተማ ከእኔ የተሻለ የለም። ሐዲዱ ሲጀመር ድንጋይ ልፈልጥ የመጣሁ ነኝ፤ ያኔ አንድ ፊደል አላውቅም ነበር። አማርኛውን ከመቃብር ድንጋይ ላይ፣ ፈረንሳይኛውን ከዕቃ ሳጥን ላይ ለቅሜ፣ ማንም "ሀ" በል ሳይለኝ የባቡሩ መጋዘን ሹም ሆኜ ነው ያረጀሁት። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ደብዳቤ ሲቸግራቸው "ማሞን ጥሩት" ይሉ ነበር። እንግዲህ ስለ ትምህርት ስናገር የምናገረውን አውቃለሁ።

ክንፉ ጎረቤቴ ነበር። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ቤታችን በአንድ የጣውላ ግድግዳ የተከፈለ ስለሆነ ሲያስለው እሰማው ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ አንገቱ ወደ ፊት የቀደመ ሰው ነው። መሐረቡን እንስራ ውስጥ ነክሮ ማጅራቱ ላይ ጣል ሳያደርግ ከቤት አይወጣም፤ ትምህርት ቤት እስኪደርስ መሐረቡ ይደርቃል። ልጅነቱን በዜማ ቤት ነው የጨረሰው። ከዚያ ሐረር ከሚሲዮኖች ፈረንሳይኛ ተማረ፤ አንድ ባላባት ባሕር ማዶ ልኬ አስተምርሃለሁ ብለውት እስከ ጅቡቲ መጣ። መርከቡን ሲጠብቅ ባላባቱ ሞቱ። መርከቡ ሄደ፤ ክንፉ ወደቡ ላይ ቀረ። የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሲፈልግ አገኘውና የመጨረሻውን ክፍል፣ ለሰርቲፊካ ፈተና የሚቀመጡትን ልጆች፣ ሰጠው። "ሙሴ" የሚለው የፈረንጅ ማዕረግ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ላይ ተጣበቀ።

ሰርቲፊካ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ወረቀቱን ያገኘ ልጅ ባቡር፣ ፖስታ ቤት ወይም ጉምሩክ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ያላገኘ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል፤ አለዚያ ጨው ማምረቻው ይወርዳል። ጨዉ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት የሰው ዓይን እንዴት እንደሚያቃጥል ያየ ሰው፣ እናቶች ያንን ወረቀት ለምን እንደ ታቦት እንደሚያዩት ይገባዋል።

ኸዲጃ ከእነዚያ እናቶች አንዷ ነበረች። ሶማሌ ናት፤ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ወተት ትሸጣለች። ባሏን ጨዉ ዓይኑን አጥፍቶት ቤት ተቀምጧል። አንድ ልጇ ሮብሌ በክንፉ ክፍል ይማር ነበር።

የክንፉ አስተማሪነት እንደ ሌላው አይደለም። ልጆቹ ግማሾቹ ከቄስ ትምህርት ቤት፣ ግማሾቹ ከቁርኣን ቤት የመጡ ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በቃል መያዝ ያውቅበታል። በፈተናው ላይ ደግሞ ብዙ ልጅ የሚጥለው ቃል ጽሕፈቱ፣ ፈረንሳዮቹ ዲክቴ የሚሉት ነው። ፈታኙ ያነባል፣ ልጁ ይጽፋል፣ ስሕተት የበዛበት እዚያው ይወድቃል። ትምህርት ቤቱ ዲክቴ የሚነበብበት አንድ አሮጌ መጽሐፍ ብቻ ነበረው፤ በየዓመቱ ዲሬክተሩ ፈተናውን ከእሱ ያነባል። ክንፉ ታዲያ ምን አደረገ? ያንን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር እንደ ዳዊት አስደገማቸው። ቃሉን በአፍ፣ አጻጻፉን በእጅ።

ሲያስደግም ዓይኑን ይጨፍናል። በአውራ ጣቱ ጥፍር ጠረጴዛውን ይመታል። ከዚያ ፈረንሳይኛው በዜማ ይወጣል! ልጆቹ ይቀበሉታል፣ በጣታቸው አሸዋ ላይ ይጽፉታል፣ መንገደኛው ቆሞ ይሰማል። አንዱ ልጅ መሐል ላይ ከቆመ፣ "ጀምሮ የሚቆም አህያ ነው፤ ሰው እስከ መጨረሻው ይሄዳል!" ብሎ ከመጀመሪያው ያስጀምራል። ከሁሉ የሚወዱት ስለ በረዶ የሚናገረውን ነበር፤ በረዶ ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ መንገድ ስለጠፋበት መንገደኛ። ከእነዚያ ልጆች አንድም በረዶ ያየ የለም። ላቡ በጀርባቸው እየወረደ ስለ በረዶ ሲያዜሙ መስማት ለእኔ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። ኋላ ግን መጠርጠር ጀመርኩ።

ኸዲጃ ሳትማር በጆሮዋ ይዛው ነበር። ጠዋት ክንፉን ስታየው፣

"አንተ ክንፉ፣ ዛሬም በረዶ ወረደ?" ትለዋለች።

"ወረደ፣ ኸዲጃ። እስከ ጉልበት ነው።"

"እንግዲያ ወተቴ እንዳይቀዘቅዝ ከአጥርህ ልራቅ!"

እሱም ይስቃል። የሚስቀው ከእሷ ጋር ብቻ ነበር።

ሁለት ዓመት ተከታትሎ የክንፉ ልጆች ሁሉም አለፉ። አንድም የወደቀ የለም። ፈረንሳዊው ገዢ ራሱ መጥቶ እጁን ጨበጠው። ካፌ ደጃፍ የሚቀመጡት የግሪክ ነጋዴዎች ባርኔጣ ያነሱለት ጀመር። የአገራችን ሰዎች በዓል በመጣ ቁጥር የክብር ወንበር ሰጡት፤ ከእኔ ቀጥሎ ማለቴ ነው። ግን ሁሉም ማለፉን እኔ አልወደድኩትም። መጋዘን ውስጥ ሁሉም ሳጥን ሙሉ ሆኖ ሲደርስ ያየሁት ቀን፣ አንዱን መክፈት እንዳለብኝ ማንም ሳያስተምረኝ ያወቅሁ ሰው ነኝ።

በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ፣ አንድ ቀን፣ የዚያ ዓመት ተፈታኝ የሆነው ሮብሌ ወተት ይዞልኝ መጋዘን መጣ። ወረቀት ሰጠሁትና በፈረንሳይኛ "ትናንት ስኳር መጣ፣ ጆንያው ተቀዷል" ብለህ ጻፍ አልኩት። ብዕሩን ይዞ ቀረ። ግንባሩ ላቡን አፈሰሰ። እኔ እንዳልቆጣው ይመስለኛል፣ መጨረሻ ላይ መጻፍ ጀመረ፤ የእጅ ጽሕፈቱ ከዲሬክተሩ ይበልጣል። ሳነበው፣ በረዶ ሌሊቱን ሙሉ ወረደ ይላል።

ያን ዕለት ማታ ወረቀቱን ይዤ በክንፉ በር ገባሁ።

"ክንፉ፣ ይህ ልጅ ፈረንሳይኛ አያውቅም።"

ወረቀቱን አየና ፈገግ አለ። "ስሕተት አለበት እንዴ ጋሽ ማሞ?"

"አትቀልድብኝ። ስለ ስኳር ጠይቄው ስለ በረዶ ጻፈልኝ።"

"እርስዎ ፈረንሳይኛን ከሳጥን ላይ ነው የለቀሙት፤ ስለ ስኳር ቢያስቡ አይደንቅም።"

"ስድብህን ተወውና መልስልኝ። አንድ ቀን ሌላ ሰው ቢጠይቀውስ?"

መሐረቡን ከማጅራቱ አነሳ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ቀልድ አልነበረም። "ዳዊት የደገምኩት በሕፃንነቴ ነው። ትርጉሙ የገባኝ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ቀድሞ አፍ ይሞላል፣ ከዚያ ልብ ይሞላል። ለእኔ ጊዜ ነበረኝ፤ ለእነዚህ ግን የለም። ዕድሜያቸው እያለፈ ነው የሚሰጡኝ። ጨዉ እየጠበቃቸው እስኪገባቸው ድረስ ልጠብቅ? ወረቀቱን ይያዙ። ትርጉሙ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ይደርሳል።"

"ካልደረሰስ?"

"ጋሽ ማሞ፣ ይተዉኝ" አለ። ተውኩት። ከግድግዳው ወዲያ ግን እስኪነጋ ሲያስለው ሰማሁ።

በዚያው ዓመት፣ ከምሲን የምንለው የበረሃ ነፋስ ሊነሣ ሲል፣ ነገሩ መክበድ ጀመረ። ክንፉን ሲያገኘው ቆሞ ያወራው የነበረው ዲሬክተር፣ አሁን ሰዓቱን እያየ ያልፈዋል። አንድ ቀን ቢሮው ጠርቶ፣ "ዘንድሮ የምፈትነው እኔ አይደለሁም። ከፈረንሳይ ተቆጣጣሪ እየመጣ ነው። ገዢው ቢሮ ውስጥ 'ለአገሬው ልጅ ማንበብ ይበቃዋል፣ ያ ክፍል ይዘጋ' የሚሉ አሉ። ክፍሉ መኖር አለመኖሩን የዘንድሮ ፈተና ይወስነዋል" አለው። ይህን ክንፉ ራሱ ነው የነገረኝ። ሲነግረኝ የአውራ ጣቱ ጥፍር ያለ ጠረጴዛ፣ ጉልበቱን ይመታ ነበር።

"ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት።

"ማስደገሙን አበረታለሁ" አለ።

አበረታ። ጠዋትም ከሰዓትም ዜማ ሆነ። የልጆቹ ድምፅ ተሰነጠቀ፤ የእሱም ተዘጋ። ነፋሱ ሲነሣ አሸዋው አፋቸው ውስጥ ይገባል፣ ይተፉና ይቀጥላሉ። ቁራዎቹ ጥላ ፍለጋ ትምህርት ቤቱ ጣራ ሥር ተደርድረው አፋቸውን ከፍተው ይቀመጣሉ። ኸዲጃ መቀለድ ተወች። አንድ ጠዋት ወተት ስትቀዳልኝ፣ "ማሞ ወንድሜ፣ ልጄ ተኝቶም ይጽፋል። ጣቱ ምንጣፉ ላይ ይሄዳል። ይህ ደግ ነው?" አለችኝ። ደግ ነው አልኳት። እናት ሌላ ምን ትባላለች?

ተቆጣጣሪው የመጣበት መርከብ በነፋሱ ምክንያት ወደብ መግባት አቅቶት ከሩቅ ቆሞ ዋለ። ራስ ዲካ ከሚባለው የባሕር ዳር ሆነን እናየው ነበር፤ አቧራው ሲነሣ ይጠፋል፣ ሲወርድ እዚያው ነው። ክንፉ ከእኔ ጋር ቆሞ ነበር። "ይመለስ ይሆን?" አለ። መርከብ እንደማይመለስ እሱም ያውቃል።

የፈተናው ቀን ከአገሬው አንድ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ የተከበረ ታዛቢ ይቀመጥ ተብሎ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ሌላ ማን ይጠራ? ካፖርቴን ለብሼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪ በፈተና ጊዜ ክፍል አይገባምና ክንፉ ጥቁር ኮቱን ለብሶ በረንዳው ላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመ። ተቆጣጣሪው ትንሽ ሰውዬ ነው፤ ዓይኑ ቀይ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ። ውሃ ቢያቀርቡለት አልጠጣም። ዲሬክተሩ እንደ ልማዱ ያንን አሮጌ መጽሐፍ ሰጠው። ሰውዬው መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው፣ መጽሐፉ ከመነካት ብዛት ራሱ ተከፈተ። በረዶው ላይ ተከፈተ።

መስኮቱን አየሁ። ክንፉ በረጅሙ ሲተነፍስ ትከሻው ወረደ።

ተቆጣጣሪው ርእሱን አነበበ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አነበበ። ልጆቹ ጻፉ። ሁለተኛውን ማንበብ ጀመረና ቀና አለ። ብዕሮቹ ቀድመውት ነበር። ከንፈሮች ይንቀሳቀሳሉ፤ ድምፅ የለም፣ ዜማው ግን አንገታቸው ላይ ይታያል። ሰውዬው ማንበቡን አቆመ።

ብዕሮቹ አላቆሙም።

እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ። ሐዲዱ ሲሠራ ሰው ሲሞት፣ ድልድይ ሲፈርስ አይቻለሁ። እንደዚያ ጸጥታ ግን የሚያስፈራ አላየሁም። ተቆጣጣሪው መጽሐፉን ከደነ። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በወንበሮቹ መሐል ይሄድ ጀመር። ልጆቹ አጎንብሰው ይጽፋሉ፤ ማንም የማያነብላቸውን ይጽፋሉ። ጀምሮ መቆም አልለመዱም። መስኮቱ ላይ ክንፉ እጁን አነሣ፤ "ቁሙ" ሊላቸው ነበር፤ ግን ማንም ቀና አላለም። በረዶው እስከ መጨረሻው ወረደ፤ መንገደኛው መንገዱን አገኘ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ብዕራቸውን አኖሩና ፈገግ ብለው ቀና አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር! አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

ተቆጣጣሪው ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም። "አሁን ደግሞ እኔ የምለውን ጻፉ" አለ። በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተና ከራሱ ተናገረ፤ "ዛሬ ነፋሱ ይፋጃል። በአጥሩ ሥር ሴቶች ወተት ይሸጣሉ።"

ልጆቹ ተያዩ። ሮብሌ ወደ መስኮቱ አየ። እናቱ እዚያ ናት፣ እየተባለ ያለው ስለ እሷ ነው፣ ግን በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚያኖራት አያውቅም። አንዱ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ሌላው ደግሞ በረዶውን እንደገና ከመጀመሪያው ይጽፍ ጀመር።

"አስተማሪውን አስገቡልኝ" አለ ሰውዬው።

ክንፉ ገባ። ኮቱ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ብድግ አሉ።

ዲሬክተሩ ፊቱ ገርጥቶ፣ "መጽሐፉን ልጆቹ ሰርቀውት ይሆናል" አለ።

"የሰረቀ የለም" አለ ክንፉ። "እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ሁሉንም በቃላቸው ነው የያዙት።"

ተቆጣጣሪው ጠመኔ አንሥቶ ዘረጋለት። አነጋገሩ ዳኛ ፍርድ ሲያነብ ዓይነት ነበር። "ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አንተም እንደ እነሱ ቋንቋውን አታውቀውም፤ እንደዚያ ከሆነ ሳታውቅ አድርገሃልና አልቀጣህም፣ ሕፃናቱን ፊደል ታስቆጥራለህ። ነገር ግን ይህ ክፍል መቼም ክፍል አልነበረም ማለት ነው፤ ዛሬ እዘጋዋለሁ። ወይ ደግሞ ታውቃለህ፤ እያወቅህ መንግሥትን አታለልክ፤ እንደዚያ ከሆነ የምትሄደው አንተ ነህ፣ ክፍሉ ሌላ አስተማሪ ይጠብቃል። ያልኩትን ጻፍ።"

ክንፉ ጠመኔውን ተቀበለ። በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰበ አውቃለሁ ብል እዋሻለሁ፤ እኔም የማላውቀው ነገር አለ። ከደመወዙ በቀር ምንም የለውም። አገር ቤት የሚጠብቀው ሰው የለም። ሁለት ፊደል ማጣመም፣ አንድ ቃል መግደፍ ይበቃው ነበር። ዲሬክተሩም እንዲሳሳት በዓይኑ ይለምነው ነበር።

ወደ ልጆቹ ዞረ። "ተቀመጡ" አላቸው፣ በአማርኛ። "እዩ።"

ከዚያ ጻፈ። ቀስ ብሎ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ክሩ እንደተወጠረ ሸማ ቀጥ አድርጎ ጻፈው። ነፋሱን ጻፈ፣ አጥሩን ጻፈ፣ ሴቶቹን ጻፈ፣ ወተቱን ጻፈ። መጨረሻ ላይ ነጥቧን አኖረና ጠመኔውን በተቆጣጣሪው መዳፍ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ሰውዬው ሰሌዳውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተው። የሚያርመው ፈለገ፤ አላገኘም።

"ታውቃለህ" አለው።

"አውቃለሁ" አለ ክንፉ።

በማግስቱ ባቡር ሄደ። ጓዙ አንድ ሳጥን ነው፤ እኔ ነኝ ያሸከምኩለት። ነፋሱ ሐዲዱን በአሸዋ ስለሸፈነው ባቡሩ ዘግይቶ ነበር፤ የመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። አንዴ ብቻ፣ "ክፍሉ አይዘጋም አሉ አይደል?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አይዘጋም አሉ።"

"እንግዲያ ሮብሌ በሚመጣው ዓመት ይጽፈዋል። አሁን አይቶታል" አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ከደስታ ሌላ ስም የለውም።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ሰውዬው ቃሉን ጠብቋል፤ ክፍሉ አልተዘጋም፣ ፈረንጅ አስተማሪ መጣ። ግን በሩ ላይ ደንብ ተለጠፈ፤ ፈተናው የተሰረዘባቸው ልጆች ዕድሜያቸው ከክፍሉ ስላለፈ መልሰው አይገቡም ይላል። ኸዲጃ ደንቡን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩላት። "እንደገና አንብበው" አለችኝ። ደግሜ አነበብኩላት። ወተቷን አንሥታ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ በዚያ አጥር ሥር አልተቀመጠችም። ሮብሌ ጨው ማምረቻው ወረደ። ሌሎቹም እንደዚያው፤ አንዱ በእኔ መጋዘን ደጃፍ ጆንያ ይሸከም ነበር።

ክንፉ ድሬዳዋ ሆኖ በባቡር ሠራተኞች አፍ ሰላምታ ይልክልኝ ነበር። ሰላምታው አጭር ነው። "ጋሽ ማሞን ክፍሉስ? በሉልኝ" ይላል። በየዓመቱ፣ የፈተናው ወራት ሲደርስ ይመጣል።

"አለ በሉት" እላቸው ነበር።

እውነት ነው። ክፍሉ አለ።